ዊዳልና ኦኤክስ 19 አንድ ላይ «ፖዘቲቭ» ከሆኑ በእርግጥ ሁለት በሽታ ነው?

የደምበጫው መምህር፦

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር ነኝ። እኛ አካባቢ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ የሚመለስ ሰው ብርቅ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሰሞኑን ተመርምሮ ያመጣው ወረቀት ይኸው፦ ዊዳል (የታይፎይዱ ምርመራ) ኦ 1፡80፣ ኤች 1፡160፣ ኦኤክስ 19 (የታይፈሱ) 1፡80፣ ቢኤፍ (ለወባ የሚታየው የደም ቅብ) ኔጋቲቭ። ሲመረመር ትኩሳቱ ከጀመረው አራተኛ ቀኑ ነበር። ሲፕሮና ዶክሲ የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ታዘውለታል።

ያልገባኝ ይህ ነው። ታይፎይድ በምግብና በውኃ፣ ታይፈስ በቅማል ይመጣል ብለን እናስተምራለን። መንገዳቸው እንዲህ የተለያየ ሁለት ባክቴሪያዎች እንዴት አንድ ሰው ላይ፣ ያውም በአንድ ሳምንት፣ ሁልጊዜ ይገጣጠማሉ? ምርመራው የሚያየው ምኑን ነው? እያንዳንዳቸውስ ሰውነት ውስጥ ገብተው ምን ያደርጋሉ? «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለውን እናውቀዋለን፤ ከዚያ ጠለቅ ያለውን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ለተማሪዎቼም ይሆነኛል።


ሴረምና ስላይድ (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከምርመራው ልጀምር፣ ግራ መጋባቱ የሚነሳው ከዚያ ነውና። ሁለቱም ምርመራዎች ጀርሙን አያዩም። የሚያዩት ደም ውስጥ ያለውን አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ጀርምን ለመያዝ የሚሠራውን ፕሮቲን ነው። አንቲቦዲው ደግሞ መቼ እንደተሠራና ለየትኛው ጀርም እንደተሠራ ወረቀቱ አይናገርም።

ዊዳል እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው። በትንንሽ ጠርሙስ የሚመጣው ፈሳሽ ቀለም የተነከረ የሞተ ሳልሞኔላ፣ የታይፎይዱ ባክቴሪያ ነው። «ኦ» ማለት የባክቴሪያው የውጭ ልባስ ላይ ያለው የስኳር ሰንሰለት ነው፤ «ኤች» ደግሞ የሚዋኝበት ጅራፍ። ሴረሙ (ከደሙ ተለይቶ የሚወጣው ጠራ ያለ ፈሳሽ) ውስጥ እነዚህን የሚይዝ አንቲቦዲ ካለ ባክቴሪያዎቹን እርስ በርስ ያያይዛቸውና ስላይዱ ላይ ፍርፍር ይሆናሉ። በብዙዎቹ ኪቶች አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 80፣ 40፣ 20፣ 10 እና 5 ማይክሮ ሊትር ሴረም በየክቡ ይደረጋል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ፣ ማለትም 50 ማይክሮ ሊትር ያህል አንቲጂን (ያው የጠርሙሱ ፈሳሽ) ይጨመርና በየራሱ ማንኪያ ይደባለቃል። ስላይዱ አንድ ደቂቃ እየተዟዟረ ይነበባል። እነዚህ በቅደም ተከተል 1፡20፣ 1፡40፣ 1፡80፣ 1፡160 እና 1፡320 ናቸው። የወንድምዎ ኦ 1፡80 ነው ማለት 20 ማይክሮ ሊትሩ ላይ ፍርፍሩ ታይቷል፣ 10ሩ ላይ አልታየም ማለት ነው። ለመሆኑ በዚህ መልክ ተሠርቷል? ብዙ ቦታ አንድ ጠብታ ሴረምና አንድ ጠብታ አንቲጂን ይደባለቅና የፍርፍሩ ውፍረት በዓይን ተገምቶ «1፡80» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለው ቁጥር ታይተር፣ ማለትም በልክ የተለካ የአንቲቦዲ መጠን አይደለም።

በትክክል ሲሠራም የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። ከአንድ ደቂቃ አልፎ ሲነበብ ጠብታው ከዳር መድረቅ ይጀምራል፤ የደረቀው ጠርዝ ፍርፍር ይመስላል። አንቲጂኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ፣ ወይም ከበረዶ ቤቱ ሥር ተቀምጦ ሲረጋ፣ ሴረም ሳይነካውም በራሱ መጓጎል ይጀምራል። ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ሳይዝና ጠርሙሱ ሳይወዘወዝ የተወሰደ ጠብታ ደግሞ አንዴ ቀጭን፣ አንዴ ወፍራም ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚይዘው በየቀኑ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ኮንትሮል፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና፣ አብሮ መሥራት ነው። ኔጋቲቭ ኮንትሮሉ ከፈረፈረ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ይጣላል። ኮንትሮል አብሮ ተሠርቶ እንደሆነ ላብራቶሪውን ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ። በታይፎይድ የኦ አንቲቦዲ የሚወጣው ከ6ኛው እስከ 8ኛው ቀን ግድም ነው፣ ኤች ደግሞ ከ10ኛው እስከ 12ኛው። በ4ኛው ቀን የተገኘ ኤች 1፡160 እንግዲህ የዚህ ትኩሳት ሥራ ሊሆን አይችልም ማለት ይቀላል፤ ከዓመት በፊት ያለፈ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የሳልሞኔላ ዓይነት ትቶት የሄደ ነው። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ሙሉ ጤነኛ ሰውም 1፡80 ሊኖረው ይችላል።

ኦኤክስ 19 ከዚህም የባሰ ነው። ዌይልና ፌሊክስ እ.ኤ.አ. በ1916 ያወጡት ሲሆን፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የታይፈስ ጀርም አይደለም። ፕሮቲየስ የሚባል፣ አንጀትና ሽንት ውስጥ የሚገኝ ሌላ ባክቴሪያ ነው። የልባሱ ስኳር በአጋጣሚ ከታይፈሱ ጋር ስለሚመሳሰል ምርመራው በዚያ መመሳሰል ላይ ቆሟል። በፕሮቲየስ የሽንት ኢንፌክሽን የያዘው ሰውም፣ ሌላ ትኩሳት ያለበትም ሰው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

ለምን አብረው እንደሚመጡ ከዚህ ይገባዎታል። ወባን የመሰለ በሽታ አንቲቦዲ የሚሠሩትን ቢ ሴሎች በጅምላ ይቀሰቅሳል። የተቀሰቀሰው ሴል ሁሉ ከወባው ጋር የማይገናኝ የድሮ አንቲቦዲ ሁሉ ያወጣል። ዊዳሉም ኦኤክሱም አንድ ላይ ከፍ ይላሉ። ሁለት «ፖዘቲቭ» ታየ ማለት ሁለት ጀርም ገባ ማለት አይደለም።


ፔየር (ባሕር ዳር)፦

ሴረምና ስላይድ ምርመራውን ጨርሶታል። እኔ ስለ ታይፎይዱ ጉዞ ልጻፍ፤ መንገዱን ያወቀ ሰው ጀርሙን በየትኛው ሳምንት የት እንደሚፈልገውም ያውቃል።

የታይፎይዱ ጀርም፣ ሳልሞኔላ ታይፊ፣ የሰው ብቻ ነው። ከዶሮና ከከብት የሚመጡት ሌሎቹ ሳልሞኔላዎች ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀን ያስቀምጡና ይሄዳሉ፤ ታይፊ ግን እንስሳ ውስጥ መጠለያ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ታማሚ የዋጠው ጀርም ከሌላ ሰው ሰገራ የወጣ ነው። መካከል ላይ ውኃ፣ ጎመን፣ የአብሳይ እጅ ወይም ዝንብ ሊኖር ይችላል፣ መነሻው ግን ሰው ነው።

የመጀመሪያው በር ጨጓራ ነው። አሲዱ አብዛኛውን ይገድለዋል። ፈቃደኞች ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ በተደረጉ ሙከራዎች 1,000 ባክቴሪያ የዋጠ አንድም ሰው አልታመመም፤ በ100,000 ሩብ ያህሉ፣ በ10 ሚሊዮን ግማሹ ታመዋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ኦክስፎርድ ላይ ሲደገም ግን አሲዱን የሚያረክስ ሶዳ አብሮ ተሰጠና 1,000 ባክቴሪያ ብቻ ከግማሽ በላዩን አሳመመ። የጨጓራ መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞልን የመሰለ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ወራት የሚወስድ ሰው በሩን ራሱ ከፍቶታል ማለት ነው። ይህ ነገር በአገራችን ሲነገር አልሰማም፣ መነገር ግን ነበረበት።

ከጨጓራ ያመለጠው ወደ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ይወርዳል። እዚያ ግድግዳው ላይ የፔየር ንጣፍ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ክምችቶች አሉ። ከላያቸው ኤም የሚባሉ ሴሎች ተቀምጠው ከአንጀት ውስጥ ናሙና እየቀዱ ወደ ታች ያስተላልፋሉ። ታይፊ የሚገባው በእነዚህ ነው። በመርፌ መሰል መሣሪያ ፕሮቲኖቹን ሴሉ ውስጥ ይወጋል፤ ሴሉም ሽፋኑ ተነቃንቆ ባክቴሪያውን ራሱ ይውጠዋል። ከታች የሚጠብቀው ማክሮፌጅ፣ ማለትም ጀርም በላተኛው ነጭ የደም ሴል፣ ይበላዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፦ ታይፊ በተበላበት ከረጢት ውስጥ አይሞትም። ሌላ መርፌ ያወጣና ከረጢቱን ለመኖሪያ አመቻችቶ ይራባል።

ቪአይ የሚባል የስኳር ልባስም አለው። ጋቢ እንደተከናነበ ሰው መለያው ስለሚሸፈን ሰውነት ወዲያው አያውቀውም። ተራው ሳልሞኔላ ገና አንጀት ላይ እያለ እብጠትና ተቅማጥ ሲያስነሳ ታይፊ ግን ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። ከተዋጠ በኋላ ትኩሳት እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 14 ቀን የሚወስደው ለዚህ ነው። በእነዚህ ቀናት በማክሮፌጅ ተሳፍሮ ጉበት፣ ጣፊያና መቅኔ ውስጥ ይከማቻል። ከዚያ በብዛት ወደ ደም ሲወጣ ትኩሳቱ በየቀኑ ከፍ ከፍ እያለ ይጀምራል፤ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ብዙ ጊዜም ከተቅማጥ ይልቅ የሆድ ድርቀት ይኖራል።

ከጉበት በሐሞት ከረጢት አድርጎ እንደገና አንጀት ይመለሳል። በዚህኛው ዙር የፔየር ንጣፎቹ ጀርሙን ያውቁታል፤ ያብጣሉ፣ ይቆስላሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግድም አንጀት የሚደማውና የሚበሳው በዚህ ነው። ትኩሳት ይዞት የቆየ ሰው ድንገት ሆዱ ጠንክሮ ሲነካ የሚያመው ከሆነ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው፤ ኪኒን እየቀየሩ የሚጠበቅበት አይደለም። ከታመሙት ከ1 እስከ 5 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ድነውም ጀርሙ ሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ይቀራል፣ በተለይ የሐሞት ጠጠር ያለባቸው ላይ። ጤነኛ ሆነው ከዓመት በላይ በሰገራቸው ያወጡታል።

እንግዲህ የት ይፈለግ? በመጀመሪያው ሳምንት ደም ውስጥ፣ በካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አብቅሎ በማየት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰገራ ውስጥም ይገኛል። መቅኔ ከሁሉ የተሻለ ነው፣ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላም ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ማንም ለተራ ትኩሳት አጥንት አይበሳም። የደም ካልቸርም ቢሆን ከታማሚዎቹ ግማሽ ከዚያም ትንሽ በላይ የሚሆኑትን ብቻ ነው የሚይዘው። ምክንያቱ ብዛቱ ነው፦ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ባክቴሪያ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 2 ሚሊ ሊትር ቀድቶ «ካልቸር ኔጋቲቭ» ማለት ዋጋ የለውም። ለአዋቂ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከደሙ ከ5 እስከ 10 እጥፍ በሚሆን ብሮዝ (ጀርሙ የሚበቅልበት ፈሳሽ) ውስጥ፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት። ቆዳው በ70 በመቶ አልኮል፣ ቀጥሎም በአዮዲን ይጠረግና አዮዲኑ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ካልተጠበቀ የሚበቅለው ስታፊሎኮከስ የሚባለው የቆዳ ባክቴሪያ ነው። ከዚያ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ፣ እስከ 7 ቀን።


ስፌት ፈታሽ (ቢቸና)፦

የቅማሉ ወገን ተረሳ፤ እኔ ልሙላ።

የታይፈሱ ጀርም ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ይባላል። ከሕያው ሴል ውጭ አይራባም፣ ተራ ካልቸር ላይ አይበቅልም። የሚያመላልሰው የራስ ቅማል አይደለም፣ ልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው የገላ ቅማል ነው። ቅማል እንደሚያስተላልፈው ሻርል ኒኮል ቱኒስ ላይ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሆን በ1928 ኖቤል ተሸልሞበታል። ንክሻው ራሱ ጀርሙን አያስገባም። ቅማሉ ከታማሚ ደም ሲመጥጥ ጀርሙ አንጀቱ ውስጥ ይራባል፤ የአንጀቱን ሴሎች እያፈነዳ ከኩሱ ጋር ይወጣል። ሰውየው ሲያከው ኩሱን ወደ ቧጨረው ቆዳ ያስገባዋል። የደረቀ ኩስ ለሳምንታት፣ እስከ 100 ቀን ድረስ፣ ጀርም ይዞ ይቆያል፤ የታማሚን ልብስ ማራገፍ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ቅማሉም አይተርፍም፣ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይሞታል።

ሰው ውስጥ የሚመርጠው የትንንሽ ደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ነው። ሴሎቹ ሲፈነዱ ደም ሥሩ ያፈሳል፦ ከደረትና ከሆድ የሚጀምር ሽፍታ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ መቃዠት፣ የደም ግፊት መውረድ። ዶክሲሳይክሊን በሚገባ ይሠራበታል፤ በወረርሽኝ ጊዜ አንዴ የሚሰጥ 200 ሚሊ ግራም ብቻውን ይበቃል።

ደጋው ላይ ግን ከታይፈስ ይልቅ ቶሎ ትዝ ሊለን የሚገባው ሌላ የቅማል በሽታ ነው፦ ሪላፕሲንግ ፊቨር፣ የሚያገረሽ ትኩሳት። ጀርሙ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ነው፣ ኢትዮጵያም ከቀሩት ዋና መኖሪያዎቹ አንዷ ናት። የሚገባበት መንገድ ከታይፈስ ይለያል። ቦሬሊያው የሚኖረው በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ቅማሉ ካልተጨፈለቀ ብዙም አይወጣም። በጥፍር ሲገድሉት ወይም ሲያኩ ሲፈርጥ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ይቀራል። ቅማል በጥፍር መግደል ይቅር የምንለው ለዚህ ነው። በጥርስማ ጭራሽ።

የሚያገረሸውም በምክንያት ነው። ቦሬሊያው ላዩን የሸፈነው ፕሮቲን አለ። ሰውነት ለዚያ ፕሮቲን አንቲቦዲ ሠርቶ ደሙን ሲያጸዳ ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ሰውየው ዳንኩ ብሎ እርሻው ይወርዳል። ጥቂቶቹ ግን ቀድመው ሌላ ፕሮቲን ለብሰዋል። እነሱ ተራብተው ሳምንት ግድም ቆይቶ ትኩሳቱ ይመለሳል።

መምህር፣ ወረቀትዎ ላይ «ቢኤፍ ኔጋቲቭ» ያሉት ብዙ ይናገር ነበር፣ በትክክል ታይቶ ከሆነ። ቦሬሊያ ከታይፎይድና ከታይፈስ የሚለየው በማይክሮስኮፕ በቀጥታ በመታየቱ ነው። ወፍራሙ የደም ቅብ በአልኮል ሳይጣበቅ፣ ቀጭኑ በሜታኖል ተጣብቆ፣ ጊምሳ በሚባል ቀለም፣ በ10 በመቶ፣ 10 ደቂቃ ያህል ይቀለማል። ከዚያ በ100ው ሌንስ ከዘይት ጋር ይታያል። ወባ የለም ለማለት ወፍራሙ ላይ ቢያንስ 100 ሜዳ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ) መታየት አለበት። ቦሬሊያው በቀይ የደም ሴሎች መካከል የተጠማዘዘ ሐምራዊ ክር ሆኖ ይገኛል። ዓይኑን ወባ ላይ ብቻ የተከለ ሰው የጨርቅ ክር ነው ብሎ ያልፈዋል። ደሙ የሚወሰደው ትኩሳቱ ላይ እያለ ነው፤ ሲበርድለት ከተወሰደ ጀርሙ በዓይን ከሚታየው በታች ወርዷል። የወባም ቢሆን አንድ ኔጋቲቭ አይበቃም፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይደገማል፤ ከክረምት በኋላ ወደ ጅጋና ፍኖተ ሰላም ወረድ ብሎ ለሰነበተ ሰው ደግሞ የግድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የሚያገረሽ ትኩሳት ያለበት ሰው ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን በወሰደ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳቱ ይተኮሳል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ጀርሞቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ የሚለቁት ነገር የሚያመጣው ነው። ጤና ተቋም ተኝቶ፣ ፈሳሽ ተዘጋጅቶለት ይወሰድ። በዚያ ሰዓት ተነስቶ ወደ መጸዳጃ የሄደ ሰው ሊወድቅ ይችላል።


ቆለኛው፦

ወንድምዓለም ይህን ሁሉ ሳይንስ ምን አመጣው፤ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ጠዋት ጠዋት፣ ሦስት ቀን። አለቀ።


ፔየር፦

@ቆለኛው ነጭ ሽንኩርት ብልቃጥ ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ ያግዳል፣ አልክድም። ታይፊ ግን ያለው ማክሮፌጅ ውስጥ፣ ጉበትና መቅኔ ውስጥ ነው፤ የተበላው ሽንኩርት እዚያ በሚጠቅም መጠን አይደርስም። «ሦስት ቀን» የሠራ የሚመስለው የሚያገረሽ ትኩሳት በአምስተኛው ቀን ግድም በራሱ ስለሚወርድ ነው። በሳምንቱ ሲመለስ ፌጦው አይጠየቅም።


ጤና ጣቢያ ነኝ (ሰከላ)፦

የምትሉት ልክ ነው፣ ግን ለእኔ ዓይነቱ ምን ይረባል? ካልቸር የሚሠራው ሩቅ ከተማ ነው። ታካሚው ፊቴ ቆሟል። ዊዳልን ጣሉ ስትሉን በምን እንሥራ?


ስፌት ፈታሽ፦

እታለም (ወንድም ከሆንክም ይቅርታ)፣ አትጣሉት፣ ብቻውን አትመኑት ነው።

ለታይፈስና ለሚያገረሽ ትኩሳት ከኦኤክስ 19 የተሻለ ምርመራ በነጻ አለ፦ ልብስ መፈተሽ። ሸሚዙን ገልብጡትና የአንገትጌውን፣ የብብቱንና የወገቡን ስፌት በብርሃን እዩ። ቅማሉ ሲገኝ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ባይገኝም ቅጫሙ ከክሩ ጋር ተጣብቆ ነጭ ሆኖ ይታያል። ስፌቱ ንጹሕ ከሆነ፣ አብሮት የሚያድረው ሰውም ከሌለበት፣ ወረርሽኝ አምጪው ታይፈስ የመሆኑ ዕድል በጣም ዝቅተኛ ነው። ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። አንዱ ድሮ ታይፈስ የያዘው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ያለ ቅማል ሊያገረሽበት መቻሉ፣ ሌላው በአይጥ ቁንጫ የሚመጣው ቀለል ያለው የታይፈስ ዘመድ ነው፤ እሱም ኦኤክስ 19ን ፖዘቲቭ ያደርጋል።

ለወባ ቢኤፉን ድገሙ። ለታይፎይድ ቀን ቁጠሩ፦ ከአንድ ሳምንት በላይ ያልለቀቀ፣ እየጨመረ የሄደ ትኩሳት፣ ወባ በተደጋጋሚ ያልተገኘበት፣ ያን ጊዜ ታይፎይድ ብሎ ማከም ምክንያት አለው። በሁለተኛው ቀን በኦ 1፡80 ማከም ግን ሲፕሮን ማባከን ነው፤ ሲፕሮ የማይበግረው ታይፊ ደግሞ በዓለም ላይ እየበዛ ነው።

ስለ ልብሱ አንድ ነገር ልጨምር። የሚቀቀለው ይቀቀል፤ ከ55 ዲግሪ በላይ በሆነ ውኃ ግማሽ ሰዓት ቅማሉንም ቅጫሙንም ይገድላል። ካውያ ካለ ስፌቱን በደንብ መተኮስም ይሠራል። የአብነት ተማሪዎች ደበሎ ግን አይቀቀልም፣ ቆዳው ይበላሻል። እሱን በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ ሁለት ሳምንት ማኖር ነው። ቅማሉ ደም ሳያገኝ ከሳምንት አያልፍም፣ ቅጫሙም ያለ ገላ ሙቀት አይፈለፈልም። ሁለት ሳምንት የተባለው ለሁለቱም እንዲበቃ ነው። በጎጆ አብረው የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ቀን ካላደረጉት ትርፉ ድካም ነው። ከረጢቱን ሲከፍቱ ደበሎውን አያራግፉት፣ የኩሱ ነገር ከላይ ተነግሯል፤ አፍና አፍንጫ ሸፍኖ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።


የደምበጫው መምህር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ሦስት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ ወንድሜ ኪኒኑን ከጀመረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ያቁም ወይ? ሁለተኛ፣ የሰፈራችን ጉድጓድ ክረምት ላይ ይደፈርሳል፤ ማፍላት ይበቃል ወይስ መድኃኒት? ሦስተኛ ደግሞ ተማሪዎቼ የጠየቁኝ ነው፦ ጠላ አልኮል ስላለው ጀርም አይዝም ይላሉ።


ፔየር፦

አንደኛውን ያዘዘለት ሰው ሳያየው አያቁም። አሁን ማድረግ ያለበት ቢኤፍ ማስደገምና ልብሱን መፈተሽ ነው። ከተሻለውም «ታይፈስ ነበር» ለማለት አያስደፍርም፤ ዶክሲ ቦሬሊያንም ይገድላል፣ ወባንም ቀስ እያለ ይጫናል። ከተቃዠ፣ ከደማ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሆዱ ከጠነከረ ሆስፒታል ይወሰድ።

ስለ ውኃው። ደምበጫ ከ2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 92። ለታይፊ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በደጋ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ የሚባለው ሌሎች ጠንካራ ጀርሞችንም ለማካተት ነው። የሚበላሸው ከፈላ በኋላ ነው፦ በአፈ ሰፊ እንስራ ተቀምጦ ሰው ሁሉ ጣሳውን ከነእጁ ሲነክር። አፈ ጠባብ ጀሪካን ውስጥ ይግባና ይቀዳ።

ክሎሪን ከሆነ መጀመሪያ ድፍርሱ ይጥለል፣ በወፍራም ጨርቅ ይጠለል። ጭቃው ክሎሪኑን ስለሚጨርሰው ለጀርሙ አይተርፍም። ለጠራ ውኃ በሊትር 2 ሚሊ ግራም፣ ለድፍርስ 4 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይታሰባል። 1.25 በመቶ የሆነ የውኃ ማከሚያ ከሆነ አንድ ሚሊ ሊትሩ 12.5 ሚሊ ግራም ይዟል፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን ጥሩ ውኃ 3 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ለድፍርስ 6 ተኩል። ሠላሳ ደቂቃ ይጠበቃል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን ከዚህ ከተለየ የጠርሙሱን ይከተሉ፣ ይዘቱ ይለያያልና። ፀሐይ ያገኘውና ጊዜው ያለፈበት ኃይሉ ወርዷል። ሽታ የተጨመረበትን በረኪና ለውኃ አይጠቀሙ።

ጠላ። አልኮሉ ከጥቂት በመቶ አያልፍም፤ እጅ ለመበከል የምንጠቀመው 70 በመቶ ነው። የጠላው ኮምጣጣነት ባክቴሪያን ይጎዳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ዛሬ የገባውን ጀርም ለዛሬ ማታ አይገድልም። ከጠላው ይልቅ የምፈራው ቅራሪውን ነው፤ አተላው ላይ ያልፈላ ውኃ ተጨምሮ ወዲያው ይጠጣል። ብርጭቆዎቹ በአንድ ሳፋ ውኃ ሲለቀለቁ ደግሞ የአንዱ ለሁሉ ይዳረሳል።


ሴረምና ስላይድ፦

መምህር፣ ዊዳሉን ማስደገም ከፈለጉ ከመጀመሪያው ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ይሁን። ያው ላብራቶሪ፣ ያው ኪት፤ ቢቻል የመጀመሪያው ሴረም ተቀምጦ ከነበረ ሁለቱ በአንድ ቀን ጎን ለጎን ይሠሩ። በረዶ ቤት ያልቆየ ሴረም ግን ለዚህ አይሆንም። ከ1፡80 ወደ 1፡160 መሄድ አንድ እርከን ነው፤ ያው ሰው ያንኑ ሴረም ሁለቴ ቢሠራም የሚመጣ ልዩነት ስለሆነ እንደ ጭማሪ አይቆጠርም። የኦው ከ1፡80 ወደ 1፡320 ከዘለለ አራት እጥፍ ነው፣ ያን ጊዜ ቁም ነገር አለው። ባይጨምር ግን ታይፎይድ አልነበረም ብለው አይደምድሙ፤ አንቲባዮቲክ ቀድሞ የተጀመረለት ሰው አንቲቦዲው ላይወጣ ይችላል።